ለአንድ ሰው የሚበቃ ኩኒን

ሲስተር ጸዳለ ቅናት የሚባል ነገር በእሷ ዘንድ እንደሌለ ታምን ነበር። ቅናት ብቻ አይደለም፤ ደስታውም፣ ንዴቱም፣ ናፍቆቱም ጥለዋት ከሄዱ ዓመታት አልፈዋል። በቀይ ሽብር ጊዜ ታላቅ ወንድሟ ጎንደር ላይ ሲገደል ጎረቤት እንዳይሰበሰብ፣ እናቷም ድምፅ አውጥተው እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። እናቷ እንባቸውን ውለው አድረው ጓዳ ለጓዳ አፈሰሱት። የጸዳለ ግን እዚያው ደርቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅ ትስቃለች፣ ሥራ ሲመጣ ከማንም በላይ ትሠራለች፤ ውስጧ ግን የለችበትም። ተኝተውበት የደነዘዘ ክንድ ቢነኩት እንደማይሰማው፣ እሷም እንዲያ ሆና ነበር የምትኖረው።

እንግዲህ ይህችው ሴት ናት፣ በ1981 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ቀትር፣ በሱዳን ድንበር በኩል ካለችው ከሸሕዲ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የሰሊጥ እርሻ ውስጥ አንዲት የአጫጆች ወጥ ሠሪ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ኪኒን ፈትታ ስትውጥ አይታ ቅናት የያዛት። ኪኒኑ የተጠቀለለበትን ወረቀት ታውቀዋለች። ትናንት በገዛ እጇ አጥፋ ከአጫጆቹ ለአንዱ፣ ለይርዳው፣ የሰጠችው ነው። ስትሰጠውም፣ “ይሄ ላንተ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳታስነካ” ብላው ነበር፤ የነርስ ባልሆነ ድምፅ።

የወጥ ሠሪዋ ስም አየሁሽ ነው። ለግላጋ ናት፤ ስትስቅ ጥርሷ ያምራል። ጸዳለ ይህን ሁሉ ያየችው ያን ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ አየሁሽ ከትጉ ተማሪዎቿ አንዷ ብቻ ነበረች።

ነገሩን ከሥሩ ለመንገር ያህል፣ ጸዳለ ወደ ሸሕዲ ጤና ጣቢያ የመጣችው መርፌ ልትወጋ ብቻ አልነበረም። ጎንደር ያስተማሯት መምህራን ለጥናት የሚሆን አንድ ጥያቄ አስይዘው ነው የላኳት። በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ወጣቶች የወባ ንዳድ ሲይዛቸው ኪኒን ይሰጣቸዋል፤ አወሳሰዱም ይነገራቸዋል። ታዲያ ለምንድን ነው ብዙ ሳይቆዩ ተመልሰው የሚወድቁት? የሚነገራቸው አይገባቸው ይሆን?

ይህን ለማወቅ ጸዳለ የራሷን ዘዴ አበጀች። በምሳ እረፍት ወጣቶቹን ዳስ ውስጥ ትሰበስብና ስለ ትንኝ፣ ስለ ረጋ ውሃ፣ ስለ ኪኒኑ አወሳሰድ ትነግራቸዋለች። ከዚያ አንዱን ታስነሣና፣ “በል፣ የሰማኸውን ለጓደኛህ ንገረው” ትለዋለች። ከተሳተ ጥፋቱን በራሷ አድርጋ እንደገና ታስተምራለች። ካልተሳተ “ልክ ነው” ብላ ታስቀምጠዋለች። ግራ ያጋባት ታዲያ ሁሉም ልክ መሆናቸው ነው። አንድም የተሳሳተ የለም፤ ሆኖም እየተመለሱ ይወድቃሉ።

ከሁሉም አብልጦ የሚናገረው ይርዳው ነበር። ከጎጃም ከአቸፈር የመጣ፣ አባቱ ሲሞት ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል ጥሎ እናቱን በቀን ሥራ የሚጦር ጎልማሳ ነው። “ለጓደኛህ ንገረው” ስትለው ፊቱን ወደ ጓደኛው ያዞራል፤ ዓይኑ ግን እሷው ላይ ይቀራል። ጓደኞቹ ይህን አይተው ጎን ለጎን ይጎሻሸማሉ። ጸዳለ ደግሞ ያልገባት መስላ ጠመኔዋን ትፈልጋለች፤ ጠመኔው እጇ ላይ ነው።

አየሁሽ ኪኒኑን ስትውጥ ካየችበት ቀን ጀምሮ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ጸዳለ ሌላውን ሁሉ እያስነሣች ይርዳው ወዳለበት ዓይኗን አትልክም። እሱ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ከዳሱ ጥግ ሆኖ ያያታል። እሷ ቤቷ ገብታ፣ “እኔ ምን አገባኝ? የቀን ሠራተኛ ከወጥ ሠሪ ጋር ቢዋደድ ምን ይደንቃል?” ትላለች። ይህንኑ ደጋግማ ትላለች። ምንም ያልተሰማው ሰው ግን አንድን ነገር ይህን ያህል አይደጋግምም።

ብዙም ሳይቆይ ይርዳው ንዳዱ አገርሽቶበት እየተንቀጠቀጠ ጤና ጣቢያ መጣ። ጸዳለ ፊቷን እንደ ድንጋይ አድርጋ መድኃኒቱን ምን እንዳደረገው ጠየቀችው።

“ተካፈልነው” አላት።

“ከማን ጋር?”

“ከሁሉም ጋር ነዋ፣ ሲስተር። እኔ አንዷን ወሰድሁ፤ ለነሱም አንዳንድ ደረሳቸው። ብቻዬን ብውጥማ ማኅበሩን ከዳሁ ማለት አይደል?”

አጫጆቹ ከአገራቸው ሲወጡ ማኅበር ተማምለው ነው የሚወጡት። ምግቡ አንድ ነው፣ ደመወዙ አንድ ነው፣ የአንዱ እጅ የገባ ነገር የሁሉም ነው። በማያውቁት በረሃ ያቆማቸውም ይኸው መሐላ ነው። ኪኒኑንም እንደ ዳቦ ቆርሰውታል፤ ለታመመውም፣ ላልታመመውም፣ ለወጥ ሠሪዋም ጭምር። እያንዳንዳቸው ትምህርቱን ያውቁታል፤ ሲጠየቁም ልክ ይመልሳሉ። የሚወስነው ግን አንድ ሰው ሳይሆን ማኅበሩ ነው፤ እሷ ደግሞ ማኅበሩን አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

ጸዳለ ለጊዜው ስለ ጥናቱ አላሰበችም። ያሰበችው አየሁሽ የደረሳት ከሌላው እኩል መሆኑን ብቻ ነበር። ደስ አላት። ደስታ እንዲህ ነበር እንዴ የሚያደርገው ብላ ራሷን ታዘበች። ትንሽ ቆይታ ግን ይርዳው ያን አንድ ኪኒን ውጦ ሊሞት ይችል እንደነበር ሲገባት ፈራች፤ ያን ቀን መድኃኒቱን ሁሉ ፊቷ አስቀምጣ ነው ያስዋጠችው።

ይርዳው ሻል ሲለው እሱና ጸዳለ የማኅበሩን አባት አያ ሰጠኝን ሊያናግሩ ሄዱ። አያ ሰጠኝ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። አንዱ ብቻውን የሚውጠው ነገር ከተፈቀደ ነገ ሌላው ብቻውን ይበላል፣ ማኅበሩም ይፈርሳል ብለው ተከራከሩ። የጸዳለ ትምህርት አላንቀሳቀሳቸውም። ያሸነፋቸው ይርዳው ነው።

“አያ፣ የታረደ በሬ ሥጋው ይከፋፈላል” አላቸው። “የሚያርሰው በሬ ግን ለሁለት ቤት ተሰንጥቆ ያርሳል?”

አያ ሰጠኝ ፈገግ ብለው ማኅበርተኛውን ሰበሰቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒት ለታመመ ሰው ሙሉውን እንዲሰጥ፣ ማንም እንዳይካፈለው በመሐላው ላይ ተጨመረ። በሌሎቹም እርሻዎች ጸዳለና ይርዳው እየተያያዙ ሄደው ማኅበሮቹን አስማሉ። ተመልሰው የሚወድቁት ወጣቶች እያነሱ መጡ።

ሲሄዱም ሲመለሱም የሰሊጡ መሐል መንገዳቸው ነበር። ይርዳው ከዚያ በፊት አንቱ ነበር የሚላት። አንድ ቀን የታሰረ የሰሊጥ ነዶ ቀሚሷን ይዞ ሲያስቀራት ጎንበስ ብሎ አላቀቀላትና፣ “ደከመሽ?” አላት። ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆሙ። አላረመችውም። የቀረውን መንገድ ምንም ሳይነጋገሩ ጨረሱት፤ የዚያን ቀን ዝምታ እንዴት ደስ ይል እንደነበር ማንም ቢጠይቃት መናገር አትችልም።

እንዲህ እያለ አጎቷ ከጎንደር መጣ። እናቷ ከአንድ ጥሩ ሥራ ካለው ሰው የተላከ ሽማግሌ መቀበላቸውን፣ አጨዳው እንዳለቀ ሠርጉ እንደሚታሰብ ሊነግራት ነው። አጎቷ ይርዳውን ከግቢው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት አየና፣ “ማነው ይሄ?” ብሎ ጠየቃት።

ጸዳለ መልሱን ታውቀዋለች። አፏ ግን ሌላ ተናገረ። “አንድ የቀን ሠራተኛ ነው” አለች።

ይርዳው ሰማ። ቅር መሰኘቱን እንኳ አላሳየም፤ ባርኔጣውን አንሥቶ አጎቷን ሰላም ብሎ ሄደ። ጸዳለም እንደገና ደነዘዘች። ትከተለው ዘንድ እግሯን አዘዘችው፤ እግሯ ግን አልታዘዘም። ሳምንቱን ሙሉ ሥራዋን ሠራች፣ አጎቷን ሸኘች፣ በላች፣ ተኛች። ምንም አልተሰማትም፤ ያስፈራትም ይኸው ነበር።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። የመንግሥትና የአማፂያኑ ጦርነት በጎንደር መንገድ ላይ ወዳለችው ጭልጋ ተጠግቶ ኖሮ መኪና በወታደር ካልታጀበ መንቀሳቀስ ቀረ። መድኃኒት ሊያመጣ ወደ ጎንደር የወጣው ባልደረባዋም እዚያው ቀረ። የጤና ጣቢያው መደርደሪያ ቀስ በቀስ ባዶ እየሆነ ሄደ። ጸዳለ ብቻዋን ነበረች።

የማኅበሩ ሰዎች በቃሬዛ ሁለት በሽተኛ ይዘው የመጡት እንዲያ ባለ ቀን ረፋዱ ላይ ነው። አየሁሽ ራሷን ስታለች፤ ሰውነቷ ይንዘፈዘፋል፣ ጥርሷ ገጥሟል። ይርዳው ራሱን ያውቃል፣ ይናገራል፤ ዓይኑ ግን እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል፣ ሰውነቱ እሳት ነው። ንዳዱ የከፋው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ጸዳለ መጽሐፍ አላስፈለጋትም። ለሁለቱም የሚያስፈልጋቸው ኩኒን የሚባለው የንዳድ መርፌ ነው። አየሁሽ መንገድ አትችልም። ይርዳውን ግን እኩለ ቀን ላይ በአጀብ ወደ ጎንደር በሚወጡት መኪኖች መላክ ይቻል ይሆናል፤ መንገዱ ከተከፈተ፣ እስኪደርስ ከቆየ።

ዕቃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። የቀረው ኩኒን አንድን ሰው ከሞት የሚመልስ ብቻ ነው። አላለቀሰችም፣ አልጸለየችም። እጆቿ የራሳቸውን ሥራ ሠሩ። ብልቃጦቹን ትሪው ላይ ግማሹን ወዲህ፣ ግማሹን ወዲያ አድርገው እኩል እስኪሆኑ አስተካከሏቸው። ምን እያደረገች እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ሳምንታት ሙሉ በየዳሱ እየዞረች አታድርጉ ያለችውን ነው የምታደርገው። ግን አንዱን ሙሉ ለአየሁሽ ሰጥቶ ወደ ይርዳው ባዶ እጅ መሄድ አልሆነላትም።

ትሪውን ይዛ ወጣችና ከይርዳው አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ክንዱን ያዘች። እሱ መጀመሪያ ያየው ፊቷን አይደለም፤ ትሪውን ነው።

“ሁለት ቦታ ያደረግሽው ምንድን ነው?” አላት።

“ያንተና የሷ።”

ይርዳው ክንዱን ከእጇ አውጥቶ ደረቱ ላይ አጠፈው። “ጸዱ” አላት፤ እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። “የሰማሁትን ልንገርሽ?”

“ተው፣ ይርዳው።”

“ለአንድ ሰው የተለካ መድኃኒት ለሁለት ሲሆን ሁለቱንም አያድንም። ማን ይውሰደው ቢባል የባሰበት ይውሰደው። እንዲህ ነው ያስተማርሽን። የሳትሁት አለ?”

ማኅበርተኞቹ በር ላይ ተደርድረው ቆመዋል። ሁሉም ይህን ሥርዓት ያውቁታል፤ ማን ቀጥሎ መናገር እንዳለበትም ያውቃሉ። ጸዳለ የተሳተ ነገር ፈለገች። አንዲት ቃል ብትሳት አርማው፣ እንደገና አስተምራው፣ ጊዜ ታገኝ ነበር።

“ልክ ነው” አለች። ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት።

“እንግዲያው ለአየሁሽ ስጫት። እኔን መኪናው ላይ ጫኑኝ።” ትንሽ ትንፋሹን ሰበሰበና፣ “ያን ቀን አጎትሽ ፊት ያልሽው አልከፋኝም። የቀን ሠራተኛ ነኝ። አንቺም ውሸት አልተናገርሽም” አላት።

ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ተነሥታ ኩኒኑን ከግሉኮሱ ቀላቀለች፤ ጠርሙሱን ግድግዳው ላይ ሰቅላ የአየሁሽን ክንድ ያዘች። ቀንታባት የነበረችው ልጅ ክንዷ ቀጭን ነው፤ ደም ሥሯ አልገኝ ብሎ ፈተናት። መርፌው ሲገባ ከኋላዋ ሰዎቹ ይርዳውን በቃሬዛ ሲያነሡት ሰማች። ዞር ማለት አልቻለችም። አየሁሽ ትንዘፈዘፋለች፤ እጇን ከለቀቀቻት መርፌው ይነቀላል።

ኸሊል በሩ ላይ መጣ። ከሱዳን ድንበር ጎንደር የሚመላለስ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጀላብያው ላይ የመኪና ግራሶ የማይጠፋው ደግ ሰው። በሽተኛውን ከጋቢናው ውስጥ እንዳስተኛው ነገራትና፣ ሆስፒታሉ ሲደርስ የሚጠየቀውን ጠየቃት።

“የማን ነው ቢሉኝ ምን ልበል፣ ሲስተር?”

ማኅበርተኞቹ እዚያው ናቸው። የከተማው ሰዎችም በአጥሩ በኩል ያያሉ። ጸዳለ ዓይኗን ከጠርሙሱ ላይ ሳትነቅል መለሰች።

“የእኔ ነው በላቸው።”

“ምንሽ ልበል?”

“ባሌ።”

አያ ሰጠኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጸዳለ የኤንትሬው ሞተር ሲነሣ ሰማች፤ ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ በአየሁሽ ትንፋሽ ተዋጠ። አሁን ይሰማኛል ብላ ጠበቀች። አልተሰማትም።

አየሁሽ ዳነች። ውሃ ጠየቀች፣ ቀጥሎም ይርዳው የት እንዳለ ጠየቀች። ጸዳለ ጎንደር ነው አለቻት፤ እሷም እንደዚያ ማመን ጀምራ ነበር።

ኸሊል ሲመለስ መኪናውን ከጤና ጣቢያው ደጅ አቆመና ሞተሩን ካጠፋ በኋላም ሳይወርድ ቆየ። ጸዳለ ያወቀችው ያኔ ነው። ወርዶ የነገራት የቀረውን ብቻ ነው። አጀቡ መንገድ ላይ ባለችው በነጋዴ ባሕር ከተማ እንዲቆም ታዘዘ፤ ፊት ለፊት ውጊያ ነበር። መንገዱ ሳይከፈት ይርዳው ጎህ ሲቀድ ዐረፈ። ኸሊል የሰፈሩን ቄስ ለምኖ እዚያው ቤተ ክርስቲያን አስቀበረው።

“አንድ ነገር ልንገርሽ” አላት ኸሊል። “ያልሽውን ነግሬዋለሁ። ከዚያ መንገዱን ሙሉ ‘ምን ነበር ያለችህ?’ ይለኛል። እነግረዋለሁ። ትንሽ ይቆይና ‘እስቲ ድገመው’ ይላል። ስንቴ እንደደገምሁለት አላህ ነው የሚያውቀው።”

ጸዳለ አመሰገነችው። ከዚያ ገብታ የአየሁሽን ትኩሳት ለካች።

ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኞቹ መጡ። የደረሰ ሰሊጥ ሳይታጨድ ከዋለ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ትተውት መጡ። በግቢው ውስጥ ሸራ ወጠሩ፣ ሰሌን አነጠፉ። አያ ሰጠኝ ወደ ውስጥ ገብተው ከፊቷ ቆሙ።

“ልጄ፣ እናቱ ሩቅ ናት” አሏት። “እዚህ ያለሽው አንቺ ነሽ። ነይ ተቀመጪ።”

ነጩን ጋውኗን አወለቀችና ወጥታ ሚስት በምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጠች። አየሁሽ ነጠላ ተከናንባ፣ አጥንቷ እየተንገጫገጨ ከጎኗ ሆነች፤ ለራሷም ለጸዳለም የምታለቅሰው እሷ ነበረች። ሰዎቹ በየተራ ጎንበስ እያሉ፣ “እግዚአብሔር ያጥናሽ” አሏት። ጸዳለ ለእያንዳንዳቸው አሜን አለች። ስሟንና ሙያዋን የሚያውቅ የከተማ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ይህንኑ ሲላት፣ አላፈረችም፤ ግን ሌላም ነገር አልተሰማትም።

ሲመሽ ሲል አያ ሰጠኝ መርዶውን አንሥተው መከሩ። አቸፈር ድረስ ሄዶ ለእናትየው የሚያረዳ ሰው መመረጥ ነበረበት። እርስ በርስ ተያዩ።

“እኔ እሄዳለሁ” አለች ጸዳለ።

አያ ሰጠኝ እናትየው እንደማያውቋት አስታወሷት። ምን ብላ እንደምትጀምርም ጠየቋት። ጸዳለ መልስ ልትሰጥ አስባ ቃሉን ፈለገች። ልጅዎን እወደው ነበር ብላ ነው የምትጀምረው፤ ሌላ ምን ትላለች? ያኔ ይህን ቃል ለራሱ ለይርዳው አንድም ቀን እንዳላለችው ትዝ አላት። በሰሊጡ መሐል ሲሄዱ አላለችውም፣ ትሪውን ይዛ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ አላለችውም። መጀመሪያ የሚሰሙት እናቱ ሊሆኑ ነው።

እኒያ ሴት በር ከፍተው ሲያዩዋት፣ በፊቷ ላይ ልጃቸውን ሲፈልጉ ታያት። የአየሁሽን እጅ ፈልጋ ያዘች። ጸዳለ ፈርታ ነበር፤ ከዘመናት በኋላ ከልቧ፣ ከአጥንቷ ፈርታ ነበር። ይህን ፍርሃቷን እንደያዘች ለመንገዷ ምን እንደሚያስፈልጋት አያ ሰጠኝን ጠየቀቻቸው።